የቀለበት ስፋት ብቻውን አይመስክር፤ ስለ መዓዛማ ዘይቶች የፀረ ጀርም ምርመራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመዓዛማ ዘይትና ለባህል መድኃኒት ምርቶች ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ "ፀረ ጀርም" ለሚባሉ የዘይት ምርቶች የሚጠየቀው ማስረጃ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

ክቡራን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ከጦስኝ፣ ከነጭ ባሕር ዛፍ፣ ከኮሰረት፣ ከጠጅ ሳር፣ ከነጭ አዝሙድና ከሌሎች ዕፅዋት ዘይት የምናወጣ አምራቾችና ይህንኑ ዘይት በላብራቶሪ የምንመረምር ባለሙያዎች ነን። ለመጻፍ ያነሣሣን በቅርቡ ያወጣችሁት የአሠራር መመሪያ ነው። በመመሪያው መሠረት አንድ አምራች በጠርሙሱ ላይ "ፀረ ባክቴሪያ" ወይም "ፀረ ፈንገስ" ብሎ ለመጻፍ የሚጠየቀው አንድ ማስረጃ ብቻ ነው፤ በፔትሪ ዲሽ (ጀርም በሚበቅልበት ባለ ክዳን ሳህን) ላይ የተደረገ የወረቀት ዲስክ ምርመራ ውጤት። በዲስኩ ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ቀለበት ከሰፋ ምርቱ ያልፋል፤ ከጠበበ ይወድቃል። ዘይቱ ከየትኛው ዝርያ እንደወጣ፣ በውስጡ ምን እንዳለ፣ ጀርም የሚገታው በምን ያህል መጠን እንደሆነ፣ ቆዳ ላይ ሲቀባ ወይም ሲጠጣ ምን እንደሚያደርስ የሚጠይቅ አንድም መስመር የለም። ይህ አሠራር በጥንቃቄ የተሠራውን ዘይት እየጣለ የተበረዘውን እያሳለፈ ነው። እንዴት እንደሆነ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ምርመራው ራሱ። ሙለር ሂንተን የሚባለው አጋር (ጀርም የሚበቅልበት እንደ ጄሊ የሚረጋ ምግብ) በ4 ሚሊሜትር ውፍረት ይፈሳል። ድፍርስነቱ በማክፋርላንድ መለኪያ 0.5 የሆነ፣ ማለትም በአንድ ሚሊሊትር 150 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት የያዘ የባክቴሪያ ውሃ በጥጥ ይቀባበታል። ስፋቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ የወረቀት ዲስክ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ከላይ ይቀመጣል። በ35 ዲግሪ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ከቆየ በኋላ በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይለካል። ባወርና ኪርቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 ይህን ዘዴ መልክ ያስያዙት ለአንቲባዮቲክ ነው። አንቲባዮቲክ በአጋሩ ውሃ ውስጥ ይሰርጋል፤ በዲስኩ ላይ ያለው መጠን በማይክሮግራም ይታወቃል፤ ስንት ሚሊሜትር ሲሆን መድኃኒቱ ለበሽተኛው ይሠራል የሚለውም በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ለመዓዛማ ዘይት እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የለም። ለላብራቶሪዎች መመሪያ የሚያወጡት የአሜሪካው ሲኤልኤስአይና የአውሮፓው ዩካስት ለጦስኝም ሆነ ለባሕር ዛፍ ዘይት የመቁረጫ ልክ አላወጡም። ስለዚህ "22 ሚሊሜትር" የሚል ወረቀት ሲቀርብላችሁ ቁጥሩን የምታስተያዩበት ነገር በእጃችሁ የለም።

ዘይት ከውሃ ጋር አይስማማም፤ አጋር ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። በጦስኝ ዘይት ውስጥ ጀርም የሚገቱት እንደ ቲሞልና ካርቫክሮል ያሉ ፊኖሎች ውሃ ውስጥ በጥቂቱ ስለሚሟሙ ከዲስኩ ትንሽ ራቅ ይላሉ። እንደ ፓራ ሲሚንና ጋማ ቴርፒኒን ያሉት ግን እዚያው ይቀራሉ፤ ወይም ይተናሉ። የተነነው በክዳኑ ሥር ታፍኖ የጎረቤቱን ዲስክ ቀለበት ያሰፋዋል። አንድ ሳህን ላይ የጦስኝና የባሕር ዛፍ ዲስክ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲመረመሩ የባሕር ዛፉ ውጤት የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ከክዳኑ ጋር በፓራፊልም (በሚለጠጥ ማሸጊያ) የታሸገ ሳህንና ያልታሸገ ሳህን ከአንድ ጠርሙስ በተቀዳ ዘይት የተለያየ ቀለበት ይሰጣሉ።

የሚያሳዝነው፣ ይህን የሚያውቅ ሰው ቀለበቱን እንደፈለገው ማስፋት መቻሉ ነው። በ5 ማይክሮሊትር ፋንታ 20 ማይክሮሊትር ያንጠባጥባል። አጋሩን ያሳሳዋል። ዘይቱን በአልኮል ወይም ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሚያ ያቀጥነውና የማቅጠኛውን ብቻ የያዘ ማወዳደሪያ ዲስክ ሳያስቀምጥ ያልፋል። ከውጭ የገባ ሠራሽ ቲሞል ይጨምርበታል። መመሪያችሁ የዘይቱን መጠን ስለማይጠይቅ ይህ ሁሉ በወረቀቱ ላይ አይታይም። በአንጻሩ ዘይቱን በ5 ማይክሮሊትር በትክክል ያስመረመረ አምራች ቀለበቱ ጠቦበት ይመለሳል።

ሌላም አለ። የቀለበቱ ልክ የዲስኩን 6 ሚሊሜትር ይጨምራል፤ ስለዚህ 6 ሚሊሜትር ማለት ዜሮ ማለት ነው። "7 ሚሊሜትር" ተብሎ "መካከለኛ የፀረ ባክቴሪያ ኃይል አለው" የሚል ማብራሪያ የተጻፈባቸው ወረቀቶች ተቀባይነት ሲያገኙ አይተናል። ጄንታማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር የሚደረገው ማወዳደር ደግሞ ይብሳል። የጄንታማይሲን ዲስክ 10 ማይክሮግራም ይይዛል። 10 ማይክሮሊትር የጦስኝ ዘይት ክብደቱ 9,200 ማይክሮግራም ያህል ነው። ከዘጠኝ መቶ እጥፍ በላይ ዘይት አንጠባጥቦ "ከአንቲባዮቲክ ይበልጣል" ብሎ ማስተዋወቅ ሕዝብን ማሳሳት ነው፤ ማስታወቂያው የሚጠቅሰው ደግሞ በእናንተ ማኅተም ያለፈውን ወረቀት ነው።

የዲስክ ምርመራ ከናካቴው ይጣል አንልም። ከብዙ ዘይቶች መካከል የትኛው ተጨማሪ ምርመራ እንደሚገባው ለመለየት ያገለግላል። ለፈቃድ ግን ሊጠየቅ የሚገባው ጀርሙን የሚገታው ዝቅተኛ መጠን፣ ኤምአይሲ የሚባለው ነው። አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ 96 ጉድጓድ ያለው ሳህንና ትክክለኛ ሚዛን ያለው የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ሊሠራው ይችላል። ዘይቱ በጠብታ ሳይሆን በሚዛን ይለካል። በዲኤምኤስኦ ወይም ዘይትን ከውሃ በሚያዋህደው በትዊን 80 ይሟሟል፤ በመጨረሻው ፈሳሽ ውስጥ ዲኤምኤስኦው ከ1 በመቶ፣ ትዊኑ ከ0.5 በመቶ እንዳያልፍ ይደረጋል፤ ትዊን ሲበዛ ራሱ ፊኖሎቹን ይዞ ዘይቱን ደካማ ያስመስለዋል። ከ8 ሚሊግራም በሚሊሊትር ተነሥቶ በግማሽ በግማሽ እየቀጠነ እስከ 0.06 ይወርዳል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ በሚሊሊትር 500 ሺህ ሕዋሳት እንዲኖሩ ባክቴሪያው ይጨመራል። ዘይት የሌለበት፣ ማሟሚያው ብቻ ያለበት፣ ባክቴሪያ የሌለበት ጉድጓድ የግድ አብረው ይኖራሉ። ሳህኑ በተጣባቂ ፊልም ይታሸጋል፤ አለዚያ የጠንካራው ጉድጓድ ትነት የደካማውን ያጸዳዋል።

ከ16 እስከ 20 ሰዓት በኋላ ንባቡ በዓይን ብቻ አይሆንም። ዘይት ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ባክቴሪያ የበቀለ ይመስላል። ሬዛዙሪን የሚባል ቀለም ይጨመርበታል፤ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ አልበቀለም፣ ወደ ሮዝ ከተለወጠ በቅሏል። ሰማያዊ ከሆኑት ጉድጓዶች 10 ማይክሮሊትር ተወስዶ በንጹሕ አጋር ላይ ሲዘራ ዘይቱ ጀርሙን ገደለው ወይስ ለጊዜው ገታው የሚለው ይታወቃል፤ ገደለ የሚባለው 99.9 በመቶው ሲያልቅ ነው። ሥራው ትክክል መሆኑ የሚረጋገጠው ደግሞ ልኩ በሚታወቅ አንቲባዮቲክ ነው፤ ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን መለያ ቁጥሩ ኤቲሲሲ 25922 በሆነ የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ላይ ከ0.004 እስከ 0.016 ማይክሮግራም በሚሊሊትር ካልሰጠ የዚያ ቀን ሳህን በሙሉ ይጣላል። ምርመራው በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይደገማል።

የጀርሞቹም ምርጫ በመመሪያው ሊወሰን ይገባል። አሁን አምራቹ የፈለገውን ይመርጣል፤ የሚመረጠውም ብዙውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ቲሞልና ካርቫክሮል የባክቴሪያውን ሽፋን ዘልቀው ፖታሲየሙና ኃይሉ እንዲፈስ ያደርጋሉ። ስታፊሎኮከስ የውጭ ሽፋን ስለሌለው በቀላሉ ይጠቃል። ኢ. ኮላይ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አለው። ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ደግሞ ከሽፋኑ ሌላ የገባበትን መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አለው፤ ብዙ ዘይቶች እሱ ላይ ከሽፈዋል። በቁስልና በቃጠሎ ላይ ብዙ ጊዜ ከሚገኙት ጀርሞች አንዱ ግን እሱ ነው። "ለቁስል" የሚል ጽሑፍ ያለው ዘይት በሱዶሞናስ ላይ ሳይመረመር መሸጥ የለበትም።

አንድ ዘይት በ0.5 ሚሊግራም በሚሊሊትር ስታፊሎኮከስን ገታ እንበል። ለዘይት ጥሩ ውጤት ነው። በማይክሮግራም ስናስቀምጠው 500 ነው፤ ከሲፕሮፍሎክሳሲን የመመርመሪያውን ስታፊሎኮከስ ለመግታት የሚያስፈልገው ግን ከ0.5 ማይክሮግራም አይበልጥም። የአንድ ሺህ እጥፍ ልዩነት ነው። ደም፣ መግል፣ ወተትና ቅባት ደግሞ ዘይቱን ስለሚይዙት በሳህን የታየው ኃይል በሰውነት ላይ ይቀንሳል። 500 ማይክሮግራም በሚሊሊትር በደም ውስጥ እንዲገኝ ዘይት መጠጣት ራሱ መርዝ ነው። ስለዚህ መዓዛማ ዘይት ቦታው ቆዳ ላይ፣ አፍ ማጉመጥመጫ ውስጥ፣ ሳሙና ውስጥ፣ እህል ማከማቻ ውስጥ ነው፤ የሳምባ ምች ወይም የታይፎይድ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞቱ ሰዎች በዓለም 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል። ሰው በዘይት ተማምኖ ሕክምና ሲያዘገይ ወይም የጀመረውን አንቲባዮቲክ ሲያቋርጥ ይህ ችግር ይባባሳል።

ሁለተኛው ትልቅ ቅሬታችን ስለ ይዘት ነው። በሀገራችን ጦስኝ የሚባለው ቢያንስ ሁለት ዝርያ ነው፤ ቲመስ ሺምፔሪና ቲመስ ሴሩላተስ። በየደጋው የሚበቅለው አንድ ዓይነት ዘይት አይሰጥም፤ የአንዱ ቦታ ካርቫክሮል ይበዛበታል፣ የሌላው ቲሞል። ከአንድ ቦታ የተገኘ ውጤት ከሌላ ቦታ ለተለቀመ ጦስኝ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ መመሪያው ግን አንድ ጊዜ የተመረመረ ምርት ለዓመታት በዚያው ወረቀት እንዲሸጥ ይፈቅዳል። የጓሮ ኮሰረት ዘይት ደግሞ በሊናሎል የበለጸገ ነው፤ ሊናሎል ከካርቫክሮል ይልቅ ደካማ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ መለኪያ ማስተያየት አይገባም።

አወጣጡም ይዘቱን ይለውጠዋል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቅጠል ዘይቱን ለፀሐይ ይሰጣል፤ በጥላ ይደርቅ። ቅጠሉ በእንፋሎት በሚነጠርበት በርሜል ውስጥ ከልክ በላይ ሲጠቀጠቅ እንፋሎቱ በአንድ በኩል ቀዳዳ አበጅቶ ያልፋል፣ የቀረው ቅጠል ሳይነካ ይወጣል። ማገዶ ለመቆጠብ እሳቱ ቶሎ ሲጠፋ ቀድመው የሚመጡት ፓራ ሲሚንና ጋማ ቴርፒኒን ይሰበሰባሉ፤ የመፍላት ነጥባቸው ከ230 ዲግሪ የሚያልፈው ቲሞልና ካርቫክሮል ግን ገና በመምጣት ላይ ሳሉ ሥራው ይቋረጣል። ከዘይቱ ሥር የሚቀረው ውሃ በአንድ ሊትር ወደ 1 ግራም የሚጠጋ ፊኖል ሊይዝ ይችላልና ወደ ጋኑ ሳይመለስ ሲደፋ ዋናው ነገር አብሮ ይደፋል። በቲሞል የበለጸገ እንደ ነጭ አዝሙድ ያለ ዘይት ደግሞ ማቀዝቀዣው በጣም ሲቀዘቅዝ ቱቦው ውስጥ ይረጋል፤ ቲሞል ከ50 ዲግሪ ገደማ በታች ጠጣር ነውና። በተራ ብረት ጋን የወጣ የጦስኝ ዘይት ፊኖሉ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ገበያው ይህን ቀለም "የጠንካራ ዘይት ምልክት" ብሎ ይገዛዋል። የማይዝግ ብረት መጠቀም ይህን ያስቀራል። ይዘቱን የሚለውጡት ስሕተቶች በጋዝ ክሮማቶግራፊ (የዘይቱን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ በሚለካ መሣሪያ) ምርመራ ላይ በግልጽ ይታያሉ፤ በቀለበት ላይ አይታዩም።

ደረጃ ማውጣት እንደሚቻል የአውስትራሊያው ቲ ትሪ ዘይት ያሳያል። አይኤስኦ 4730 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለ15 ንጥረ ነገሮች ልክ አስቀምጦለታል፤ ዋናው ቴርፒነን-4-ኦል ከ35 እስከ 48 በመቶ፣ 1,8-ሲኒዮል ደግሞ ከ10 በመቶ ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል። ለባሕር ዛፍ ዘይት የአውሮፓ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጽሐፍ) ቢያንስ 70 በመቶ 1,8-ሲኒዮል ይጠይቃል። ከነጭ ባሕር ዛፍ የወጣውን ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው ባሕር ዛፍ ለመለየት ይህ ቁጥር ይበቃል፤ የሎሚ ሽታው ሲትሮኔላል የሚባል ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ለጦስኝ ግን፣ የራሳችን ተክል ሆኖ ሳለ፣ የምትጠይቁት የይዘት ልክ የለም።

በገበያ ላይ ስለዕጣንና ስለጥቁር አዝሙድ የሚባለውም መታረም አለበት። ከቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ዕጣን በእንፋሎት የሚወጣው ዘይት አብዛኛው ኦክቲል አሲቴት ነው። ቦስዌሊክ አሲድ የሚባለው አይተንም፤ ሙጫው ውስጥ ይቀራል። "ቦስዌሊክ አሲድ ያለው የዕጣን ዘይት" የሚል ጽሑፍ እያለ ፈቃድ መሰጠቱ ለምን እንደሆነ አልገባንም። ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ፣ ተጨምቆ የወጣው የምግብ ዘይት ነው፣ ዋናው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ቲሞኪኖን የሚበዛው በእንፋሎት በሚወጣው ጥቂት ዘይት ውስጥ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም፣ በአንድ የምርመራ ወረቀት ሊሸጡ አይገባም። ቀበሪቾ ታጥኖ የሚሰጠውን ጥቅም ለዘይቱ መስጠትም ትክክል አይደለም፤ ጭስ የቃጠሎ ውጤት እንጂ የዘይቱ ትነት ብቻ አይደለም።

ብረዛን በተመለከተ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ገበያ ላይ ሆነው በቀላሉ ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። አንድ ጠብታ በነጭ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይደረግና እስከ ማግሥቱ ይቀመጥ፤ ንጹሕ መዓዛማ ዘይት ተንኖ ይጠፋል፣ የምግብ ዘይት የገባበት ቅባት የሆነ ክብ ይተዋል። በአልኮል የቀጠነው መስመር ባለው ቱቦ ውስጥ ከእኩል ውሃ ጋር ሲናጥ የዘይቱ ከፍታ ይቀንሳል። በሠራሽ ቲሞል ወይም በተርፐንታይን የተበረዘውን ለማጋለጥ ግን እንደ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ያለ የላብራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል።

ስለደኅንነት ያለን ቅሬታ አጭር ቢሆንም ከሁሉ የሚቀድም ነው። ጥቂት ሚሊሊትር የባሕር ዛፍ ዘይት የጠጣ ሕፃን ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል፤ ይህ በሕክምና ተደጋግሞ የተመዘገበ ነው። ሆኖም ሕፃን በቀላሉ የሚከፍተው ክዳን ባላቸው ጠርሙሶች "ለጉንፋን" ተብሎ ይሸጣል። የጤና አዳም ዘይት ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ ተክሉ ቆዳ ላይ ተነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ያልቀጠነ የጦስኝ ዘይት ቆዳና ጉሮሮ ይልጣል። ለቆዳ የሚሆነው 1 በመቶ ገደማ ነው፤ 1 ሚሊሊትር ዘይት በ99 ሚሊሊትር የምግብ ዘይት። ገላ መታጠቢያ ውሃ ላይ ጠብ ማድረግም አይገባም፤ ዘይቱ ከውሃው ጋር ስለማይዋሃድ ከላይ ተንሳፍፎ ሳይቀጥን ቆዳ ላይ ያርፋል። የቆየ ዘይትም ሌላ ነው፤ አየር የገባበት ሊናሎልና ሊሞኒን ቆዳን የሚያሳክክ ውሕድ ይሆናል። ጥቁር ቡናማ ጠርሙስ፣ እስከ አፉ የሞላ፣ ከሙቀት የራቀ፤ ስስ ፕላስቲክ አይሆንም። መመሪያው ከዚህ አንዱንም አይጠይቅም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። ለፈቃድ የዲስክ ውጤት ብቻውን መቀበል ይቁም፤ በእሱ ፋንታ ከላይ በዘረዘርነው አሠራር የተገኘ፣ በሚሊግራም በሚሊሊትር የተጻፈ ኤምአይሲ ይጠየቅ፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ፣ ኢ. ኮላይና ሱዶሞናስ ለሁሉም፣ ካንዲዳ አልቢካንስ ደግሞ "ፀረ ፈንገስ" ለሚለው ግዴታ ይሁኑ። የጀርሞቹ መለያ ቁጥርና የማወዳደሪያዎቹ ውጤት በወረቀቱ ላይ ይስፈር።

እያንዳንዱ የምርት ዙር በጋዝ ክሮማቶግራፊ ይመርመር። ለአነስተኛ አምራቾች ወጪው ከባድ ስለሆነ ናሙናዎች በጋራ ተሰብስበው በመንግሥት የምርምር ተቋማት እንዲመረመሩ መንገድ ይመቻች፤ በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በዚህ ሊያግዝ ይችላል ብለን እናምናለን። ለጦስኝ፣ ለኮሰረትና ለነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት የይዘት ልክ የሚያወጣ፣ አምራቾችና ባለሙያዎች የተወከሉበት ኮሚቴ ይቋቋም።

በጠርሙሱ ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም፣ ዘይቱ የወጣበት ክፍል፣ የተለቀመበት አካባቢ፣ የወጣበት ቀን፣ ዋና ዋና ይዘቱ በመቶኛ፣ የማቅጠኛው መጠንና "አይጠጣም፤ ከሕፃናት ይራቅ" የሚለው ማስጠንቀቂያ ይጻፍ። ሕፃን የማይከፍተው ክዳን ግዴታ ይሁን። "ከአንቲባዮቲክ ይበልጣል" የሚል ማስታወቂያ ይታገድ። እስካሁን በዲስክ ወረቀት ብቻ ያለፉ ምርቶች በአዲሱ መመዘኛ እንደገና ይታዩ፤ በዚሁ ምክንያት የተመለሱትም አምራቾች ዳግም የመመርመር ዕድል ያግኙ።

ጦስኝ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ ቀበሪቾ ሥሩ ተቆፍሮ የሚቀርብባቸው ምርቶች በበዙ ቁጥር የሚለቀመው ያልቃል። የፈቃድ ማመልከቻው ጥሬ ዕቃው የተተከለ ነው ወይስ ከዱር የተለቀመ የሚለውን እንዲጠይቅም እናሳስባለን።

ለዚህ ደብዳቤ በጽሑፍ ምላሽ እንድትሰጡን፣ መመሪያው ሲከለስም ለውይይት እንድትጠሩን እንጠይቃለን። የምርመራ አሠራሩን በዝርዝር የያዘ ሰነድ አዘጋጅተን ለማቅረብ ፈቃደኞች ነን።

ከሰላምታ ጋር፣

መዓዛማ ዘይት የሚያወጡ አምራቾች፣ የማይክሮባዮሎጂና የዕፅዋት ኬሚስትሪ የላብራቶሪ ባለሙያዎች